ስለ «የወፍ ጉንፋን» ስያሜና ስለ ተጓዳኝ ቃላቱ፦ ሒሳዊ ሐተታ

የበሽታ ስም ከሌሎች ሙያዊ ቃላት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የአንድ ማሽን ክፍል ወይም የአንድ ማዕድን ስያሜ ቢሳሳት ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከባለሙያዎች ክበብ አይወጣም። የበሽታ ስያሜ ግን በአንድ ቀን ከቤተ ሙከራ ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ማድ ቤት ይደርሳል። ሰሚው የሳይንሱን ዝርዝር የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ስሙን ብቻ ይዞ ምን መሸሽ፣ ምን መብላት፣ ምን መጣል እንዳለበት ይወስናል። ከዚህ የተነሣ የበሽታ ስያሜ ራሱ ምክር ነው፤ ስያሜው ከተዛባ ምክሩም ይዛባል። ይህ ሐተታ «የወፍ ጉንፋን» የሚለውን ስያሜና ከእርሱ ጋር አብረው የሚነገሩትን ጥቂት ቃላት ከዚህ አንጻር ለመመርመር ይሞክራል።

ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1996 በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ፣ ከዝይ ተለይቶ ታወቀ። በ1997 በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን አሳምሞ 6ቱን ገደለ። ከ2003 ጀምሮ በእስያ በስፋት ከተዛመተ በኋላ ወደ አፍሪቃ ተሻገረ፤ በየካቲት 1998 ዓ.ም. በናይጄሪያና በግብፅ፣ በሚያዝያ በሱዳን፣ በግንቦት ደግሞ በጂቡቲ መገኘቱ ተረጋገጠ። «የወፍ ጉንፋን» የሚለው ስም በአማርኛ የየዕለት ቃል የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። በዚያው ወራት በኢትዮጵያ በአንድ የዶሮ ርባታ ጣቢያ ዶሮዎች በብዛት በመሞታቸው ጥርጣሬ ተነሥቶ ነበር፤ ምርመራው ግን ኤች 5 ኤን 1 አለመሆኑን አሳየ። ይሁንና በሽታው በአገሪቱ ሳይገኝ የዶሮና የእንቁላል ገበያ ቀዘቀዘ። ቫይረሱ ካልገባበት ገበያ ስሙ ገባ ማለት ነው።

የዚህ ሐተታ ዓላማ ስያሜውን ያወጡትን ወይም ያስተላለፉትን ሰዎች መውቀስ አይደለም። ዜና ተርጓሚ በደቂቃ ውስጥ ቃል ማግኘት አለበት፤ የቃላት ጉባኤ እስኪቀመጥ ሊጠብቅ አይችልም። ደግሞም ስያሜው በጎ ጎን አለው፤ አጭር ነው፣ በቃል ለመያዝ አይከብድም፣ የአገናዛቢው «የ» አገባብም ከአማርኛ የበሽታ ስሞች ልማድ ጋር ይስማማል። ጥያቄያችን ስያሜው አማርኛ ነው ወይ የሚል ሳይሆን፣ አማርኛ ተናጋሪው ሲሰማው ምን ይረዳል የሚል ነው።

1. «ወፍ»

ግእዙ ዖፍ፣ በብዙ ቍጥር አዕዋፍ፣ ባለ ክንፉን ወገን ሁሉ ያቅፋል። አማርኛው «ወፍ» ግን በየዕለቱ አነጋገር ጠብቧል፤ በዱር፣ በዛፍና በሰማይ ያለውን እንጂ በጓሮ የሚጭረውን አይጠራም። ይህንን ለማረጋገጥ ቀላል የአገባብ ፈተና ይበቃል። «ከገበያ አምስት ወፎች ገዛሁ» ያለ ሰው ዶሮ እንደ ገዛ የሚረዳለት አይኖርም። «ወፎቹን ጥሬ በትንላቸው» የተባለ ልጅም ወደ ዶሮዎቹ አይሄድም። የሥነ ሕይወት መምህር ዶሮ ከአዕዋፍ ክፍል ናት ብሎ ያስተምራል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ተማሪው ይህንን የሚማረው የእናቱ አማርኛ ስላልነገረው ነው።

እንግዲህ «የወፍ ጉንፋን» የሚለውን ስም የሰማች ዶሮ አርቢ ዐይኗን የምታነሣው ወደ ሰማይ ነው። በሳይንሱ በኩል ይህ ፈጽሞ ስሕተት አይደለም፤ የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ የተፈጥሮ መኖሪያ እንደ ዳክዬና ዝይ ያሉት የውኃ አዕዋፍ ናቸውና። ለአርቢዋ የሚያስፈልጋት እውቀት ግን በቆጧ ላይ ስላሉት ዶሮዎች ነው። ስሙ እርሷን የሚመለከት መሆኑን አይነግራትም።

ከዚህም የሚብስ ግጭት አለ። በአማርኛ «የወፍ በሽታ» የሚባል የቆየ ስም አለ፤ ይኸውም ዐይንንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው የጉበት ሕመም ነው፤ ብዙ ሰውም መነሻውን ከሌሊት ወፍ ጋር ያያይዘዋል። ዜና አንባቢ ወይም ጋዜጠኛ ቃል ለማሳጠር ወይም ለመለዋወጥ ሲል «የወፍ በሽታ» ያለ እንደሆነ፣ የሰሚው አእምሮ ወደ ጉበት ሕመም ይሄዳል፤ ከዚያም ለጉበት ሕመም ወደሚያውቀው የባህል መድኃኒት ይሄዳል። «ጉንፋን» እና «በሽታ» የሚሉት ቃላት በአማርኛ ተለዋዋጭ መስለው ስለሚታዩ፣ መንሸራተቱ የሚከሠተው ተርጓሚው ሳያውቀው ነው።

አርቢዎች የራሳቸው ቃል የላቸውም ማለት አይደለም። ዶሮን በድንገት በጅምላ የሚፈጀውን በሽታ «ፈንግል» ይሉታል፤ ቃሉ ገልብጦ መጣልን ከሚያመለክተው «ፈነገለ» ጋር የተዛመደ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች «ፈንግል»ን የኒውካስል በሽታ አቻ አድርገው ይዘውታል፤ ይህም ተገቢ ምደባ ነው። ሆኖም ብርቱው የአዕዋፍ ኢንፍሉዌንዛና ኒውካስል በዐይን ሲታዩ የሚመሳሰሉ በመሆናቸው በቤተ ሙከራ ካልሆነ በቀር ለመለየት ያስቸግራሉ። ስለዚህ አርቢዋ አዲሱን በሽታ ብታይ የምትጠራው በአሮጌው ስም ነው። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህ የቃል መደበላለቅ ይሆንበታል። ለጤና መልእክት ጸሐፊ ግን መልካም አጋጣሚ ነው፤ «የወፍ ጉንፋን ሲታይ አሳውቁ» ከማለት ይልቅ «ፈንግል የመሰለ ሞት ሲታይ አሳውቁ» ቢባል፣ ታዛዡ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

2. «ጉንፋን»

ሁለተኛው የስያሜው ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስባል። በአማርኛ ጉንፋን ቀላል ሕመም ነው። ብርድ ይመታል፣ ነፋስ ይገባል፣ አፍንጫ ይዘጋል፤ ዳማከሴ ይሸተታል፣ ዝንጅብል ይፈላል፣ በሳምንት ይለቃል። «ጉንፋን ነው» የሚለው አነጋገር ራሱ «አትጨነቅ» ለማለት ያገለግላል። እንግዲህ «የወፍ ጉንፋን» ሲባል በአማርኛ ጆሮ የሚሰማው አንዳች ቀላል ነገር፣ ምናልባትም የሚያስቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ የሰጠውን ምስክርነት ማዳመጥ ይገባል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያጥለቀለቀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ስም አወጣለት፤ ያወጣለትም ስም «የኅዳር በሽታ» የሚል ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ዘመን መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው። ያ በሽታ በሳይንሱ ምደባ ኢንፍሉዌንዛ ነበረ፤ በሳልና በትኩሳትም ይጀምር ነበር። ነገር ግን ያየው ሕዝብ «ጉንፋን» ብሎ አልጠራውም። ሰው የሚገድለውን ከሳምንት ሕመም ለይቶ፣ በደረሰበት ወር ሰየመው። ኢንፍሉዌንዛን «ጉንፋን» ብሎ መተርጐም ሕዝቡ የለየውን መልሶ መቀላቀል ነው።

ይህ አለመለየት ሌላም መዘዝ አለው። የጋራ ጉንፋንን የሚያመጡት ቫይረሶች ከኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተለዩ ናቸው። የሁለቱን አቻ አንድ ያደረገ ተርጓሚ «የኢንፍሉዌንዛ ክትባት»ን «የጉንፋን ክትባት» ይለዋል፤ የተከተበው ሰው አፍንጫው በዘጋ ቁጥር ክትባቱን ውሸታም ያደርገዋል።

«በርድ ፍሉ» የሚለው ቀጥተኛ ውሰትስ? ይህ መፍትሔ ለአማርኛ የሚበጅ አይመስለንም። «በርድ» ከ«ብርድ» ጋር በድምፅ እጅግ ይቀራረባል፤ ጉንፋን ደግሞ በሕዝቡ ግንዛቤ የብርድ ልጅ ነው። ቃሉ ሲነገር ሲነገር «ብርድ» ወደ መሆን ቢያዘነብል የሚያስገርም አይሆንም፤ ያን ጊዜ ከዶሮ ጋር ያለው ግንኙነት ጨርሶ ይጠፋል።

የሚቀረው «ኢንፍሉዌንዛ» ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በመነሻው «ተጽዕኖ» ማለት ነው፤ የጥንቶቹ ሐኪሞች ወረርሽኙን ከከዋክብት ተጽዕኖ ይቈጥሩት ነበር። ስለዚህ ቃሉ በገዛ አገሩ ስለ በሽታው መንሥኤ የተሳሳተ ነገር ይናገራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ምንም አይናገርም፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። ባዶ ቃል ትርጕም ሊሞላበት ይቻላል፤ በተሳሳተ ትርጕም የተሞላን ቃል ግን አስቀድሞ ማራገፍ ያስፈልጋል። ረዘመ የሚል ቢኖር፣ ኮሌራን፣ ታይፎይድንና ቫይረስን የለመደ አንደበት ኢንፍሉዌንዛን አይፈራም።

3. «እጅግ አደገኛ» — ለማን?

በሽታው ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1878 በጣልያን ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የዶሮ መቅሠፍት የሚል ትርጕም ባላቸው ስሞች ይጠራ ነበር። በ1955 መንሥኤው የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። በ1981 በአሜሪካ በተደረገ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአዕዋፍ ኢንፍሉዌንዛ ጉባኤ ባለሙያዎቹ «መቅሠፍት» የሚለውን ትተው፣ በሽታ የማምጣት ኃይልን የሚለካ ስያሜ ተቀበሉ። ስያሜው በእንግሊዝኛ ሁለት ደረጃ አለው፤ ከፍተኛና ዝቅተኛ።

ከፍተኛው ደረጃ በአማርኛ «እጅግ አደገኛ የወፍ ጉንፋን» ተብሎ ሲተረጐም ይታያል። አንባቢ ይህንን ሲያይ «ለእኔ እጅግ አደገኛ» ብሎ ያነባል፤ ሌላ የሚያነብበት ምክንያት አልተሰጠውምና። የስያሜው መለኪያ ግን ዶሮ ናት። ቫይረሱ የስድስት ሳምንት ጫጩቶች በደም ሥራቸው ሲወጉት የሚያሳየው የበሽታ መጠን ከ1.2 ከበለጠ፣ ወይም ከተወጉት ወጣት ዶሮዎች ቢያንስ 75 በመቶውን በ10 ቀን ውስጥ ከገደለ «ከፍተኛ» ይባላል። ስለ ሰው በመለኪያው ውስጥ አንድም ቃል የለም።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አለመሆኑን ኤች 7 ኤን 9 አሳይቷል። ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2013 በቻይና በሰው ላይ ሲገኝ በዶሮ ላይ «ዝቅተኛ» ነበር፤ ዶሮዎቹ ሳይታመሙ ይሸከሙት ነበር። ሆኖም እስከ 2017 ባሉት ማዕበሎቹ ከ1,500 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ600 በላይ ገድሏል። «እጅግ አደገኛ ያልሆነ» ተብሎ ቢተረጐም ኖሮ ስያሜው አንባቢውን ያለ መከላከያ ይተወው ነበር። በአንጻሩ ዶሮን የሚፈጅ ሁሉ ሰውን ይፈጃል ማለትም አይደለም።

አማርኛ ለዚህ የራሱ መድኀኒት አለው። ቅጽል ብቻውን ሲቆም ተጠቂውን ይደብቃል፤ «የሚ-» የሚለው ግስ ግን ተሳቢውን ይጠይቃል። «ዶሮን በብርቱ የሚያጠቃ» እና «ዶሮን በመጠኑ የሚያጠቃ» ብንል፣ መለኪያው በስያሜው ውስጥ ግልጥ ሆኖ ይቀመጣል። ርዝማኔው ጥቂት ነው፤ የሚያስቀረው ድንጋጤና የሚያስቀረው መዘናጋት ግን ብዙ ነው።

4. «ሥጋት»፣ «ደኅንነት»፣ «ዋስትና»

ስለ ወረርሽኝ በሚጻፉ ጽሑፎች «ሥጋት» የሚለው ቃል ሁለት ጌቶችን ያገለግላል። አንደኛው የሕዝቡ ፍርሃት ነው፤ ሁለተኛው እንግሊዝኛው «ሪስክ» የሚለው፣ ማለትም ጉዳት ሊደርስ የሚችልበት መጠን ነው። የመጀመሪያው በልብ ውስጥ ያለ ነው፤ ሁለተኛው በውጭ ያለና የሚለካ ነው። «ለኅብረተሰቡ ያለው ሥጋት ዝቅተኛ ነው» የሚል መግለጫ ያነበበ ሰው በአማርኛው ሕግ የሚረዳው «ኅብረተሰቡ ብዙም አልሠጋም» የሚል ነው። እርሱ ግን እየሠጋ ነው፤ ስለዚህ መግለጫው በእርሱ ላይ የሚዋሽ ይመስለዋል። ባለሥልጣንና ሕዝብ የማይተማመኑበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለ የቃል እጥረት መሆኑን ልብ ልንል ይገባል።

«አደጋ» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ ጉዳት አድራሹን ነገርና የደረሰውን ጉዳት በአንድነት ስለሚጠራ። ለሚለካው ፅንሰ ሐሳብ «የጉዳት ዕድል» የሚለውን እንጠቁማለን። ዕድል ለመልካም ነገር ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን አማርኛ «ክፉ ዕድል» እና «ዕድለ ቢስ» ይላልና፣ ቃሉ በሁለቱም ወገን መቆም ይችላል። «ሥጋት» ለሚሠጋው ልብ ይተውለት።

ሌላው መደበላለቅ በ«ደኅንነት» እና በ«ዋስትና» መካከል ነው። «የምግብ ዋስትና» ማለት ሰው በቂ ምግብ የማግኘቱ እርግጠኛነት ነው። «የምግብ ደኅንነት» ማለት ደግሞ የተገኘው ምግብ የማይጎዳ መሆኑ ነው። ሁለቱ በእንግሊዝኛም የሚቀራረቡ በመሆናቸው፣ «ደኅንነት» ደግሞ በአማርኛ ጥበቃንና ጸጥታን ጭምር ስለሚጠራ፣ ተርጓሚዎች አንዱን በሌላው ቦታ ሲያስገቡ ይታያል። በአዕዋፍ ኢንፍሉዌንዛ ጉዳይ ይህ ስሕተት ከባድ ነው፤ ሁለቱ ፅንሰ ሐሳቦች በተቃራኒ አቅጣጫ ሊሄዱ ይችላሉና። የታመመ መንጋ ሲወገድ የምግብ ደኅንነት ይጠበቃል፤ በዚያው ሰዓት ከአሥር ዶሮ በቀር ሌላ ጥሪት የሌላት እናት የምግብ ዋስትና ይናጋል። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ሰነድ ለካሣ የሚሟገተውን ሰው አፍ ይዘጋል።

5. «ማረድ»፣ «ማስወገድ»፣ «በክት»

በሽታ የተገኘበት መንጋ እንዳይዛመት ተብሎ ሲፈጅ፣ ዜናው አንዳንድ ጊዜ «ይህን ያህል ሺህ ዶሮዎች ታረዱ» ይላል። በኢትዮጵያ ባህል ማረድ ለመብላት ነው፤ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ በስመ አምላክ ተባርኮ የሚደረግ ነው። «ታረዱ» የሚል ዜና ያነበበ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ሥጋው የት ገባ?» ብሎ ነው። ጥያቄው የአለማወቅ አይደለም፤ ግሱ ያስነሣው ነው። «ተገድለው ተቀበሩ» ወይም «ተወገዱ» ቢባል ግን ሥጋው ገበያ አለመግባቱ በግሱ ውስጥ ይታወቃል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚልቀው የአማርኛ ቃል «በክት» ነው። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ አይበላም። ከማናቸውም የጤና መመሪያ በፊት የነበረ የምግብ ደኅንነት ቃል ነው ማለት ይቻላል፤ በሽተኛ ሆኖ የሞተውን ከማዕድ ያርቃልና። ነገር ግን ቃሉ በር አለው። ዶሮዋ ስታንቀላፋ ያየ ሰው፣ በክት እንዳትሆንበት ነፍሷ ሳትወጣ ቢላዋ ያነሣል። ያን ጊዜ በሕጉ በክት አይደለችም፤ በበሽታው በኩል ግን ከሁሉ የሚያሠጋው ሰዓት ያ ነው። ደሟ፣ ኩሷና የአፍንጫዋ ፈሳሽ በቫይረስ የተሞላ ነው፤ የሚያርደው፣ በፈላ ውኃ ነክራ ላባዋን የምትነጨው፣ ብልት የምታወጣውና በሎሚና በጨው የምታጥበው ሰዎች ሁሉ በእጃቸውና በትንፋሻቸው ይቀርቡታል። «በክት» አፍን ይጠብቃል፤ እጅን ግን አይጠብቅም። የጤና መልእክት ጸሐፊ ይህንን ቃል ቢጠቀምበት መልካም ነው፤ ሲጠቀምበት ግን «የታመመችውንም አትረዱ» ብሎ በሩን መዝጋት ይኖርበታል።

ሥጋቱ የሚሄድበትና ጉዳቱ የሚመጣበት መንገድ የተለያዩ መሆናቸው እዚህ ላይ ይታያል። ሰዉ የሚፈራው ድስቱን ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና የእርሻ ድርጅቱ ግን ከ1998 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጀምሮ የሚሉት፣ ውስጡ ድረስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ሥጋ ቫይረሱን አያስተላልፍም ነው። ረዥም ሰዓት ሲንተከተክ የሚቆይ የዶሮ ወጥ፣ ተቀቅሎ የሚገባበትም እንቁላል፣ ከዚህ መለኪያ በላይ ናቸው። ማቀዝቀዝና ማስደረቅ በረዶ ግን ቫይረሱን አይገድሉም። አብዛኞቹ የሰው ሕመሞች የመጡት ከታመመ ወይም ከሞተ ዶሮ ጋር በቅርብ ከመነካካት ነው፤ በእስያም ጥሬ የዳክዬ ደም ከመመገብ ጋር የተያያዙ ጥቂት ሕመሞች ተመዝግበዋል። እንግዲህ ስያሜዎቻችን ሥጋቱን ከድስቱ ወደ መታረጃው ካላዛወሩ፣ ሕዝቡ ወጡን ትቶ ዶሮዋን በእቅፉ ይዞ ይቀመጣል።

«ተገኘ» የሚለው ግስም ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤች 5 ኤን 1 በአሜሪካ በቴክሳስና በካንሳስ በታለቡ ላሞች ላይ መኖሩ ተረጋገጠ። ቀጥሎ ከሱቅ የተወሰዱ የወተት ናሙናዎች ሲመረመሩ ከአምስቱ በአንዱ ገደማ የቫይረሱ የዘር ቅንጣት ተገኘ፤ ሕይወት ያለው ቫይረስ ግን በፓስተር ዘዴ በተሞቀው ወተት አልተገኘም። «በወተት ውስጥ ቫይረስ ተገኘ» ብሎ የተረጐመ ሰው የሬሳን መገኘት ከገዳይ መገኘት ጋር አንድ አድርጎታል። በአንጻሩ ጥሬውን ወተት የጠጡ የእርሻው ድመቶች ሞተዋል። ጥሬ ወተት መጠጣት በተለመደበት አገር ላለ አንባቢ የሚጠቅመው ልዩነት ይህ ነው፤ ልዩነቱም ያለው «ቅንጣት» በሚለው አንድ ቃል ላይ ነው። በላም ላይ የተገኘውን በሽታ «የወፍ ጉንፋን» ብሎ መጥራትም ስያሜውን ምን ያህል እንደሚያስጨንቀው ሳይጠቀስ አይታለፍም።

6. የሌሎች ልምድና ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 በሽታው በዱር አዕዋፍ ላይ በተገኘባት ጣልያን የዶሮ ሥጋ ፍጆታ እስከ 70 በመቶ ወርዶ ነበር። በ2009 ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ የነበረው ኤች 1 ኤን 1 «የአሳማ ጉንፋን» በመባሉ ብቻ፣ የአሳማ ሥጋ በሽታውን እንደማያስተላልፍ እየተነገረ፣ ግብፅ አሳማዎቿን አስፈጀች፤ ብዙዎቹ አሳማዎች የካይሮ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ጥሪት ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅት በዚያው ዓመት በሚያዝያ ማብቂያ ስሙን ቀየረ። በግንቦት 2015 ደግሞ ከእንስሳት ጤናና ከምግብና እርሻ ድርጅቶች ጋር ሆኖ፣ ለአዳዲስ የሰው በሽታዎች ስም ሲወጣ የእንስሳ፣ የምግብ፣ የቦታና የሰው ስም እንዳይገባበት መመሪያ አወጣ። የስያሜ ጉዳይ የቋንቋ ሰዎች ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር፣ የካይሮዎቹን አሳማ አርቢዎች ያስታውስ።

የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ «ሕዝብ የለመደውን ቃል አካዳሚ አይነቅለውም» የሚል ነው። እውነት ነው። «የወፍ ጉንፋን» በአንደበት ጸንቷል፤ በአዋጅ አይጠፋም። ስለዚህም እንዲሻር አንጠይቅም። የምንጠይቀው ስያሜው የቤት ስም ሆኖ እንዲቀር፣ በመዝገበ ቃላት፣ በመማሪያ መጽሐፍና በጤና መመሪያ ግን የማያሳስተው ስም እንዲቀድም ነው። «የኅዳር በሽታ» እና «ኢንፍሉዌንዛ» ሳይጣሉ ጎን ለጎን እንደ ኖሩ ሁሉ፣ እነዚህም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ «አዕዋፍ» የሊቃውንት ቃል ነው የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው፤ ለአርቢ በሚጻፈው መልእክት ሁልጊዜ «ዶሮ» የሚለው ቃል አብሮ እንዲገባ የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው። የክፍሉ ስም ለመዝገብ፣ የእንስሳዋ ስም ለምክር ያገለግላል።

7. ለውይይት የቀረቡ ቃላት

የአዕዋፍ ኢንፍሉዌንዛ፦ በኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ የሚመጣ፣ በመነሻው የአዕዋፍ የሆነ፣ ዶሮን፣ አጥቢ እንስሳትንና አልፎ አልፎ ሰውን የሚይዝ ተላላፊ በሽታ።

የወፍ ጉንፋን፦ የተለመደ ስም፤ «የአዕዋፍ ኢንፍሉዌንዛ»ን ተመልከት። «የወፍ በሽታ» ከሚባለው የጉበት ሕመም ጋር አይገናኝም።

ዶሮን በብርቱ የሚያጠቃ፤ ዶሮን በመጠኑ የሚያጠቃ፦ የቫይረሱ ዝርያዎች በዶሮ ላይ ባላቸው ኃይል የሚለዩባቸው ሁለት ደረጃዎች። በሰው ላይ ያለውን ኃይል አያመለክቱም።

ፈንግል፦ የኒውካስል በሽታ። በአርቢዎች አነጋገር ማናቸውም ድንገተኛ የዶሮ እልቂት።

ሥጋት፦ የሰው ፍርሃት። የጉዳት ዕድል፦ ጉዳት ሊደርስ የሚችልበት መጠን።

የምግብ ደኅንነት፦ ምግቡ የማይጎዳ መሆኑ። የምግብ ዋስትና፦ ምግቡ በበቂ የሚገኝ መሆኑ።

ማስወገድ፦ የታመመን ወይም የተጋለጠን መንጋ ገድሎ መቅበር ወይም ማቃጠል። «ማረድ» በዚህ ቦታ አይገባም።

እነዚህ ጥቆማዎች የመጨረሻ ቃል አይደሉም፤ የእንስሳት ሐኪሞች፣ የምግብ ባለሙያዎችና በተለይም ዶሮ አርቢዎች ሊፈትኗቸው ይገባል። የፈተናው መንገድም ቀላል ነው። ቃሉን ለማያውቀው ሰው ብቻውን ነግሮ፣ ከሰማው በኋላ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ነው። «ድስቱን እደፋለሁ» ካለ ስያሜው ወድቋል፤ «የታመመችውን አልነካም፣ ለእንስሳት ሐኪሙ እነግራለሁ፣ ሥጋዬንም በደንብ አበስላለሁ» ካለ ስያሜው ሥራውን ሠርቷል።